የሕዋስ ሕክምና ለጆሮ፣ ለአፍንጫና ለጉሮሮ፦ የተጻፈው ተስፋና ያልተጻፈው ውጤት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ፣ የጆሮ ሕመም ለጤና ባለሙያው እንግዳ ነገር አይደለም። ክረምቱ ረጅም ነው፤ የደጋው ቅዝቃዜ ጠንካራ ነው፤ የመኖሪያ ቤቱ ምድጃ ጢሳም ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ደግሞ ገበሬው በማሳው ያለማውን ግራር ከሰል አክስሎ መሸጥን መተዳደሪያው ካደረገ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ጆሮውን ያመዋል፤ ታምቡሩ ይበሳል፤ መግሉ አንድ ጊዜ ይደርቃል፣ ሌላ ጊዜ ይመለሳል። እናት የቅጠል ጭማቂ ወይም ለጋ ቅቤ ጠብ አድርጋለት ሳይሻለው ሲቀር፣ ሽታው ሲበረታ ወይም ልጁ ሲጠሩት አልሰማ ሲል ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው ትመጣለች።

ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚለው ስም ደግሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ በሚዘዋወሩ ምስሎችና ዜናዎች አማካይነት ከከተማ አልፎ ገጠር ደርሷል። «በውጭ አገር መስማት የተሳነውን በራሱ ሕዋስ ያድኑታል ይባላል፤ እውነት ነውን?» ተብሎ የሚጠየቀው በቅድሚያ ፕሮፌሰሩ ሳይሆን በጤና ጣቢያ የተመደበው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። መልሱ ቀላል አይደለም። አንድ ቤተሰብ በሬውንና መሬቱን አስይዞ ገንዘብ እንዲፈልግ ወይም እንዳይፈልግ ሊያደርገው ይችላልና። ስለሆነም ከአንገት በላይ ሕክምና ውስጥ ስለ ሕዋስ የተጻፉትን ጽሑፎች በትችት ዓይን ማንበብ የላቀ ምርምር ለሚካሄድባቸው ማዕከላት ብቻ የሚተው ሥራ አይሆንም።

ለዚህ ንባብ መነሻ ሊሆን የሚገባው ከአፍሪካ ቀንድ ልጆች በአንዱ ላይ የተፈጸመው ነገር ነው። ታካሚው በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ የሚያጠና፣ ዕድሜው በሠላሳዎቹ አጋማሽ የነበረ ኤርትራዊ ነበር። ስሙ በዓለም ጋዜጦች ደጋግሞ ታትሟል፤ በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ግን ታካሚ ታካሚ ነውና እዚህ አይጠቀስም። በአየር ቧንቧው የታችኛው ክፍል፣ ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ሥፍራ፣ ተመልሶ የመጣ ዕጢ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2011 በስቶክሆልም በካሮሊንስካ ሆስፒታል ጣሊያናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፓውሎ ማኪያሪኒ የታመመውን ክፍል ቆርጦ አወጣና በምትኩ በለንደን የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ተከለለት። ቧንቧው ከመተከሉ በፊት ከታካሚው መቅኒ በተወሰዱ ሕዋሳት ለ36 ሰዓታት ባዮሪአክተር በሚባል መሣሪያ ውስጥ ተነክሮ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር «ዘ ላንሴት» የተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ውጤቱን አተመ። በጽሑፉ መሠረት ከአምስት ወራት በኋላ ታካሚው የሕመም ምልክት አልነበረውም፤ ከዕጢውም ነጻ ነበር፤ ከባድ ችግርም አልደረሰበትም።

ጽሑፉ ዛሬ ሲነበብ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቃሉ ነው። በርዕሱ ላይ ስቴም ሴል ተብሎ የተጠራው በእርግጥ ከመቅኒ የተለዩ ሞኖኑክለር ሕዋሳት ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ግንደ ሕዋስ የሚባለው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የሚበዙት ተራ የደም ሕዋሳት ናቸው። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል። አንባቢው «ግንደ ሕዋስ» የሚለውን ሲያይ አዲስ ሕይወት ያለው ቧንቧ እየበቀለ እንደሆነ ያምናል፤ እምነቱን ያመጣው ግን ስሙ ነው፣ በማይክሮስኮፕ የታየ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የደም ሥር ነው። በቤልጂግ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ከአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ፒየር ደላሬ ከጅምሩ ያነሡት ጥያቄ ቀላልና ከባድ ነበር፤ ይኸውም ደም የማይደርሰው ፕላስቲክ፣ ከአንድ ወገን በአየርና በጀርም ለሚመላለስ እስትንፋስ ተጋልጦ፣ በምን ምክንያት በሕያው ሽፋን ይለበሳል? የሚል ነው። ደላሬ ይህን የሚጠይቁት ከዳር ቆመው አልነበረም። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከለጋሽ የተወሰደ የአየር ቧንቧ በቅድሚያ በታካሚዋ ክንድ ውስጥ ቀብረው፣ የደም ሥር እስኪያበቅል ወራት ጠብቀው፣ ከዚያ በኋላ ወደ አንገቷ ማዛወራቸውን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ያ ሥራ አዝጋሚ ነው፤ ለዜና አይመችም። ቁስል ሲያጥብ የኖረ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ግን የደላሬን ጥያቄ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ የተለጠፈ ቆዳ የሚይዘው ከሥሩ ቀይ፣ ደም ያለው ሥጋ ሲኖር ነው። በፋግታ ለኮማ የግራር ችግኝ የሚተክል ገበሬም በጭንጫ ላይ የተቀመጠ ችግኝ እንደማይጸድቅ ያውቃል። ያም ሆኖ የደላሬ አቤቱታ በካሮሊንስካ በኩል በመጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መኖር የነበረበትና ያልነበረው ነገር ነው። በሰው ላይ የተተከለው ቧንቧ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በበቂ ሁኔታ አልተሞከረም፤ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድም ፈቃድ አልሰጠበትም። መከራከሪያው ታካሚው ሌላ አማራጭ የሌለውና ሞት አፋፍ ላይ ያለ ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር በየትኛውም አገር ለሚሠራ ሐኪም የሚያጓጓ ነው፤ የሚያጓጓውም ርኅራኄ ስለሚመስል ነው። ነገር ግን የመጨረሻ ዕድል የተባለው ነገር ታካሚው ያለ ቀዶ ሕክምናው ሊኖር ይችል ከነበረው ዕድሜ ጋር መመዘን አለበት፤ ያ ሚዛን በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ የሆነው በየዓመቱ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የቀዶ ሕክምናው አንደኛ ዓመት በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ በጉባኤ ተከበረ። ታካሚው ግን ለተደጋጋሚ የብሮንኮስኮፒ ምርመራ፣ ለስቴንትና ለኢንፌክሽን ተዳርጎ በጥር ወር 2014 አረፈ። በዚያው ዓመት አራት የካሮሊንስካ ሐኪሞች የታካሚዎችን የሕክምና ማኅደር ከታተሙት ጽሑፎች ጋር አስተያይተው፣ በማኅደሩ ያለውና በመጽሔቱ ያለው እንደማይገናኝ ለአስተዳደሩ አመለከቱ። ጉዳዩን ከውጭ ሆነው የመረመሩት ፕሮፌሰር ቤንግት ጌርዲን በ2015 ጥፋት አለ ሲሉ፣ የተቋሙ የበላይ ኃላፊ አንደርስ ሃምስተን በነሐሴ ወር ጥፋት የለም ብለው ወሰኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሱ «ዘ ላንሴት» ሐኪሙ ከጥፋት ነጻ መሆኑን በርእሰ አንቀጹ አወጀ። የስዊድን ቴሌቪዥን በጥር 2016 ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ነው ነገሩን የገለበጠው፤ ሃምስተን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ ማኪያሪኒም ተሰናበተ። መጽሔቱ የ2011ዱን ጽሑፍ የሰረዘው በ2018 ነው። በ2008 በባርሴሎና በአንዲት ሴት ላይ ስለተደረገው የመጀመሪያው ተከላ የታተመው ጽሑፍ ደግሞ የተሰረዘው በ2023 ነው፤ የታካሚዋ ግራ ሳንባ ተቆርጦ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያው በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በካሮሊንስካ ቀዶ በተደረገላቸው በሦስቱም ታካሚዎች ላይ ከባድ የአካል ጥቃት ፈጽሟል ብሎ በማኪያሪኒ ላይ የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደ። ሦስቱም ታካሚዎች በሕይወት የሉም።

የአንድ ሰው ጥፋት ተብሎ እንዳይታለፍ መታየት ያለበት የቀሩት ተዋንያን ድርሻ ነው። ጽሑፉን አቻ ባለሙያዎች ገምግመውታል፤ ታላቅ መጽሔት አትሞታል፤ ታላቅ ተቋም ተከላክሎለታል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ከሬይክያቪክ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ነበረ። በገጠር እንጥል ቆራጩን «ማስረጃህ ምንድን ነው? የቆረጥካቸው ልጆች በኋላ ምን ሆኑ?» ብሎ የሚጠይቅና በትክክልም የሚያወግዝ የጤና ባለሙያ፣ ያንኑ ጥያቄ በስቶክሆልም ላለው ባለ ነጭ ጋውን ማንሣት እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ የእንጥል ቆራጩም ሆነ የቧንቧ ተካዩ ችግር ያከሙት ሰው ከዓመት በኋላ የት እንዳለ አለመናገራቸው ነው።

ወደ ጆሮ ሲመጣ ነገሩ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። እዚህ የሚያጋጥመው በአብዛኛው የትልቅ ተስፋና የትንሽ ማስረጃ መደባለቅ እንጂ ማጭበርበር አይደለም። በሰው ውስጠኛ ጆሮ ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ፀጉር መሳይ ሕዋሳት በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው፤ ከሞቱ አይተኩም። ወፎች ግን መልሰው እንደሚያበቅሏቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ከታወቀ ወዲህ፣ በሰውም ይህ ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አላስተኛም። በ2012 የእንግሊዝ የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሰው የፅንስ ግንደ ሕዋስ የተገኙ የመስሚያ ነርቭ ጀማሪ ሕዋሳትን ጀርቢል በተባሉ የበረሃ አይጦች ጆሮ ውስጥ አስገብቶ የመስማት ምላሹ በአማካይ በ46 በመቶ መሻሻሉን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳተመ። ሥራው ጥንቃቄ የተመላበት ነው፤ አንባቢው ግን የእንስሳቱ ጆሮ እንዴት እንደተጎዳ ማየት ይገባዋል። በመድኃኒት የተገደለው ነርቡ ብቻ ነበር፤ ፀጉር መሳይ ሕዋሳቱ ደህና ነበሩ። በማጅራት ገትር መስማት የተሳነው ልጅ ጆሮ ግን እንዲህ አይደለም። ሕዋሱም ነርቡም ሊጎዱ ይችላሉ፤ ከዚያም አልፎ የውስጠኛው ጆሮ ክፍተት በአጥንት ሊሞላ ይችላል። ከአይጡ ወደ ልጁ የሚወስደው መንገድ በዜናው እንደሚነገረው አጭር አይደለም።

በሰው ላይ የተደረጉትም ጥቂት ናቸው። በ2018 ከአሜሪካ በታተመ ጥናት 11 ሕፃናት ሲወለዱ የተቀመጠላቸውን የእትብት ደም ወስደዋል፤ ጥናቱ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፣ የተነደፈውም ደኅንነትን ለማየት ነበር። በዚያው ዓመት በኮሪያ ከራሳቸው መቅኒ የተወሰደ ሕዋስ የተሰጣቸው ሁለት ታካሚዎች የመስማት መሻሻል አላሳዩም። ሕዋስ ከመትከል ይልቅ በጆሮ ውስጥ ያሉትን የተኙ ሕዋሳት በመድኃኒት ለመቀስቀስ የተሞከረው «ኤፍ ኤክስ 322» የተባለው መርፌም በመጀመሪያው ትንሽ ሙከራ ብዙ አስወርቶ፣ ማነጻጸሪያ ባለው ሰፊ ሙከራ በ2023 ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ለዚህ ኩባንያ አንድ ነገር ሊባልለት ይገባል፤ ውድቀቱን በአደባባይ ተናግሯል። በአውሮፕላን ቲኬት ጭምር ታካሚ የሚጠሩት የግል ክሊኒኮች ግን እንዲህ ያለ ሙከራ አያደርጉም፤ ስለዚህም አይወድቁም።

ከአፍንጫ የተገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። በስዊዘርላንድ ባዝል የሚገኙ ሐኪሞች ከአምስት አረጋውያን የአፍንጫ ግድግዳ ትንሽ የቅርጫጭት ቁራጭ ወስደው፣ ሕዋሱን አባዝተው፣ በካንሰር ምክንያት የተቆረጠውን የአፍንጫ ክንፍ መልሰው እንደሠሩበት በ2014 አሳትመዋል። አምስት ብቻ ናቸው፤ ጸሐፊዎቹም አምስት ብቻ መሆናቸውን አልደበቁም፤ ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸዋል፤ ቅርጫጭቱም የተቀመጠው ደም ባለው ቆዳ ሥር ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሪፖርት ግን የአፍንጫ ሽፋኗ በተጎዳ ኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ ስለተተከለላት አንዲት ወጣት ይናገራል። ከስምንት ዓመት በኋላ በጀርባዋ ሕመም መጥታ ሲከፈት የተገኘው ንፍጥ የሚያመነጭ ዕጢ ነበር። ሕዋሱ ያደረገው ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው፤ የአፍንጫ ሕዋስ በጀርባም ቢሆን አፍንጫ ነው። ስምንት ዓመት የሚለው ቁጥር ከሪፖርቱ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ አምስት ወር ተከታትሎ ድል ከማወጅ ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል።

ለአዊ ዞን አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የታምቡር ጉዳይ ነው። በጃፓን ካኔማሩና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት የሕዋስ ማሳደጊያ ንጥረ ነገር የተነከረ የጀላቲን ስፖንጅ በተበሳ ታምቡር ላይ አስቀምጠው፣ ከ53 ታካሚዎች በ52ቱ ላይ ቀዳዳው ተዘጋ፤ ንጥረ ነገሩ ካልተጨመረላቸው 10 ታካሚዎች የተዘጋው የአንዱ ብቻ ነበር። ጃፓን ሕክምናውን በ2019 አጸደቀች። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በተመላላሽ ክፍል የሚፈጸም በመሆኑ ሐኪም ለሌለበት አገር እንደተፈጠረ ያህል ነው የሚመስለው። ይሁንና በአሜሪካ በቦስተን ማን ምን እንደተሰጠው ሳይታወቅ በተደረገና በ2020 በታተመ ሙከራ፣ ንጥረ ነገሩን ካገኙት 40 ታካሚዎች በ23ቱ፣ ማስመሰያ ካገኙት 14 ደግሞ በ10ሩ ቀዳዳው ተዘግቷል። ይኸውም 57 በመቶ ያህል በ71 በመቶ አንጻር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ማስመሰያው ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የቀዳዳውን ጠርዝ ማደስና ስፖንጅ ማስቀመጥ ብቻውን የሰውነቱን ሕዋስ ለመቀስቀስ ይበቃ እንደሆነ ጥያቄ ያስነሣል። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ያላነበበ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚረሳ አንድ የቆየ ሕክምና አለ። ታምፓኖፕላስቲ የሚባለው የታምቡር ጥገና ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ከጆሮ በላይ ካለው ጡንቻ ላይ ስስ ሽፋን ተወስዶ በቀዳዳው ሥር ይነጠፋል። ሽፋኑ ራሱ ታምቡር አይሆንም፤ የታካሚው የራሱ ሕዋሳት ከጠርዙ ተነሥተው የሚሻገሩበት ድልድይ ነው። ጠርዙ ደም አለው፤ ሕዋሱ የራሱ ነው፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ውጤቱ ይታወቃል። የስቶክሆልሙ ቧንቧ ያልነበሩት ሦስቱም ነገሮች እዚህ አሉ። አዲስ ስላልሆነ ብቻ የሕዋስ ሕክምና ተብሎ አይጠራም።

በኢትዮጵያም ቀዶ ሕክምናው ይሠራል፤ ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር፣ እንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። መግል እየፈሰሰው የተላከ ልጅ መግሉ እስኪደርቅ ተብሎ ይመለሳል፤ የተመለሰውም ሁሉ ዳግም አይሄድም። ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጠምዝዞ በቀን ብዙ ጊዜ ማድረቅ፣ ከዚያም የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ መስጠት፣ እናቲቱ ይህን በቤቷ እንድትሠራ ማሳየት፣ ልጁ በወንዝ ሲዋኝ ወይም ሲታጠብ ውኃ እንዳይገባበት መንገር ጤና ጣቢያው ሊፈጽመው የሚችል ነው። ታምቡሩ በተበሳ ጆሮ የጄንታማይሲን ጠብታ መጨመር ደግሞ ዓለም ገና መተካት ያልቻለቻቸውን እነዚያን 15 ሺህ ሕዋሳት ለአደጋ ማጋለጥ ነው። መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ካናማይሲን የተባለው መርፌ ከ2018 ወዲህ እንዲቀር የተመከረበት አንዱ ምክንያት በዚሁ ወገን ያለ መድኃኒት በመሆኑና የታካሚዎችን መስማት ይወስድ ስለነበር ነው። በስቶክሆልም ቧንቧው በተተከለበት በዚያው በ2011 ኢትዮጵያ የኒሞኮከስ ክትባትን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብታለች፤ ይህ ጀርም የመሐል ጆሮንም ማጅራት ገትርንም ከሚያመጡት አንዱ ነው። ዜናው እንደ ቧንቧው ዜና ዓለምን አልዞረም።

ጥያቄውን ይዛ ለመጣችው እናት የሚሰጠው መልስም ከዚህ ይገኛል። በማጅራት ገትር ወይም በመድኃኒት የጠፋን መስማት በሕዋስ የሚመልስ፣ በማነጻጸሪያ ተፈትኖ የጸደቀ ሕክምና ዛሬ በየትኛውም አገር የለም፤ አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ከዓመታት በፊት ያከማቸውን ሰዎች ውጤት እንዲያሳይ መጠየቅ ይቻላል። በኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ሊሞከር ቢታሰብ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ፣ እንዲሁም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ያስፈልገዋል። ታምቡሩ ለተበሳው ልጅ ግን ሕክምና አለ፤ ጆሮው ለሦስት ወር ያህል ደርቆ ከቆየ በኋላ ወደ ባሕር ዳር የሚጻፍለት ሪፈር መቼ መፍሰስ እንደጀመረ፣ ምን ጠብታ እንደተሰጠውና ከመቼ ጀምሮ እንደደረቀ መግለጽ አለበት።